ሲሞላ ይሄዳል

በከተማችን ዘመድን ሳያስቡት መኪና ውስጥ ማግኘት ደግ ነገር አይደለም። ስለዚህ ይርገዱ ያን ቀን ጠዋት ገላን ላይ መኪና ቀይራ ስትገባ፣ አጎቷ ጋሽ ባሮክ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ስታያቸው፣ መጀመሪያ ያሰበችው ተመልሳ መውረድን ነበር። በሩ ግን ከኋላዋ ተዘግቷል።

«ይርጌ! ደህና አደርሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ ባሮክ። ድምፃቸው ለጠዋት ከልክ በላይ ደስ ያለው ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። ቁርስ በልተሻል?»

ይርገዱ ወዲያው ገባት። አጎት የወንድሙን ልጅ መኪና ውስጥ አግኝቶ ቁርስ በልተሻል ወይ ብሎ የሚጠይቀው መቼ እንደሆነ በዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። መርዶውን ባዶ ሆዷን እንዳትሰማው ነው።

ከተማዋ በአንድ ወገን ሞጆን አልፋ፣ በሌላው ወገን አምቦ ደጃፍ ከደረሰች ወዲህ፣ ሰው የፈለገውን መኪና ይዞ ወደ ፈለገው ቦታ መሄድ ትቷል። ስምሪት ይመድበዋል። ስምሪት መሥሪያ ቤት ነው የሚሉ አሉ፣ ማሽን ነው የሚሉም አሉ። አብዛኛው ሰው ግን እንደ አማት ነው የሚያወራለት፤ «ዛሬ ስምሪት ተቆጥቶብኝ በለቡ አዞረኝ» ይላል። ሹፌር የለም፣ ወያላም የለም። ጠዋት ደጅህ ድረስ የመጣው መኪና ውስጥ ትገባለህ፤ የት ላይ እንደሚያወርድህና ወደ የትኛው እንደሚያዛውርህ ስምሪት ያውቃል። መልእክትም ይልካል፤ እንዲያውም ሲበዛ ይልካል። ስለዚህ ማንም አያነበውም።

ይርገዱ ሞጆ ትኖራለች፣ ሥራዋ ሆለታ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ከቤቷ የምትወጣው ዓይኗ በወጉ ሳይገለጥ ስለሆነ መኪና ውስጥ ነው የምትነቃው። ፊቷን እዚያው ትታጠባለች፣ ፀጉሯን እዚያው ታበጥራለች፣ ልጆቿን የቤት ሥራ አልሠራችሁም ብላ የምትቆጣው መስኮቱ ላይ በሚመጣው ምስላቸው ነው። የግቢዋን ጎረቤቶች በስም አታውቃቸውም። የምታውቃቸው አብረዋት የሚሳፈሩትን ነው፤ እድሯም የመኪና እድር ነው።

የመርዶ ስምሪት የመጣው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ሴትየዋ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል ቆማ፣ የልጇን ሞት ከስልኳ ላይ አነበበች። መኪናው ፌርማታ እስኪደርስ ድረስ ምን እንደሚያደርጓት የጨነቃቸው ሰዎች ዙሪያዋን ቆመው ቀሩ። ያኔ ከተማው አንድ ሆኖ ተቆጣ። ይኼ የእኛ ወግ አይደለም ተባለ። ስምሪትም ወግ ተማረ። አሁን ሰው ሲሞት መልእክት አይልክም፤ ዘመድ ይሰበስባል። አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ እያነሣ ሐዘንተኛው ያለበት መኪና ላይ ያሳፍራቸዋል። ከዚያ መኪናው የወትሮ መስመሩን ይለቅና ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳል። መርዶው የሚነገረው ደጃፍ ላይ፣ ሰው ግራና ቀኝ ክንዱን ከተያዘ በኋላ ነው።

ደግ ሕግ ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ዘመዱን ሲያይ መደንገጥ ጀመረ። አክስቱን ፌርማታ ላይ አይቶ የሮጠ ጎልማሳ አውቃለሁ። አክስትየውም ስሙን እየጠራች ተከትላው ሮጠች። በኋላ ስትጠየቅ «የሆነ ነገር ሰምቶ መስሎኝ ነዋ!» አለች።

እና ይርገዱ ከአጎቷ ጎን ተቀመጠች። ቁርስ በልቻለሁ አለች፤ አልበላችም።

ቃሊቲ ላይ በሩ ተከፈተና ታናሽ ወንድሟ ድንበሩ ገባ። ድንበሩ የሚሠራው በሌላው የከተማው ጫፍ ነው፤ ወንድምና እህት ፊት ለፊት ከተያዩ ፋሲካ አልፎ ሌላ ፋሲካ መጥቷል። ሁለቱን ሲያይ እግሩ መወጣጫው ላይ ቀረ። ከዚያ ሳቀ።

«እንዴ! እናንተ! ምን ዓይነት ግጥምጥሞሽ ነው!» አለ። ድንበሩ በጠዋት የሚስቅ ሰው አይደለም።

መኪናው ከቃሊቲ እንደተነሣ ከፊት ያለው ሰሌዳ ተለወጠ። «ሆለታ» የሚለው ጠፋና ሌላ ጽሑፍ መጣ፦ ሸኖ፣ የአቶ ናሆም ቤት። ሦስቱም አነበቡት። ሦስቱም ወዲያው ዓይናቸውን ወደ መስኮት መለሱ።

ጋሽ ናሆም የይርገዱና የድንበሩ አባት፣ የጋሽ ባሮክ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሸኖ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ብርዱን ለምጄዋለሁ የሚሉ፣ ጎመን የሚተክሉ፣ ስልክ የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። «በስልክ የሚጠየቅ ሰው በሽተኛ ነው» ይላሉ። በወጣትነታቸው የሚኒባስ ታክሲ ወያላ ነበሩ። «በእኛ ጊዜ መኪና ሲሞላ ነበር የሚሄደው» ማለት ይወዳሉ። «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው የቀረው! እያልኩ ጉሮሮዬ ሲሰነጠቅ ይውላል። እናንተን አሁን ማን ይጮህላችኋል?»

የሸኖ መስመር ፈላጊ ያነሰው መስመር ከተባለ ቆይቷል። ወደዚያ መሄድ የሚሻ ሰው ጥያቄ ያስገባል። ስምሪት «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ይጠብቁ» ይላል። ሰውም ይጠብቃል።

ይርገዱ የጠየቀችው መስከረም ላይ ነው። የአባቷ የላይኛው ጥርስ ተሰብሮ ነበር። የድሮ ልካቸው እጇ ላይ ስለነበረ አዲስ ሠራችላቸው፤ ስንቱን አፍ ያሳመረች ሴት ለአባቷ ስትሠራ እንዴት እንደምትጠበብ መገመት ነው። በፖስታ እንዳትልከው ጥርስ ካልሲ አይደለም። አፍ ውስጥ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ተሞርዶ፣ እንደገና ገብቶ ነው ድድ የሚለምደው። ስለዚህ ትንሿን ሳጥን በየቀኑ በቦርሳዋ ይዛ ትወጣለች፤ ድንገት ስምሪት ቢፈቅድ ብላ። ጥር አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ። አባቷ ከስንት ጊዜ አንዴ ስልክ ሲያነሡ «ቆሎ አማረኝ» ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ «ግድ የለም፣ ሥራሽን ሥሪ» ይላሉ። ይህቺ «ግድ የለም» ናት አንጀቷን የምታቃጥላት።

አሁን ሳጥኑን በቦርሳዋ ውስጥ በእጇ ጨበጠችው። ቆሎ ሳይበላ ሞተ፣ አለች በልቧ። ስምሪት ለመጠየቅ የከለከላትን መንገድ ለመቅበር ሰጣት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። መጮህ አማራት፤ ግን አልጮኸችም።

ስልኳን አውጥታ ለአባቷ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ለጎረቤታቸው ለእትዬ ኤልዳና ደወለች። እትዬ ኤልዳና እያለከለኩ አነሡት።

«እትዬ፣ ይርገዱ ነኝ። አባዬ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው! አባትሽ ደህና ነው፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? በይ ልጄ፣ ስጨርስ እደውልልሻለሁ፣ አሁን እጄ ተይዟል» አሉና ዘጉት።

ይርገዱ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ደህና ነው። ለሞተ ሰው የሚባለው ይኸው አይደል? ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ መርዶ የሚደበቀው በዚህችው ቃል ነው። በዚህ አገር አባትህ ደህና ነው ወይ ብለህ ጠይቀህ፣ አይ አይደለም ያለህ ሰው የለም። እጃቸው የተያዘውም ድንኳን ሲተክሉ ነው ብላ አሰበች።

አያት ሰፈር ላይ አክስታቸው እትዬ ሶልያና ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ገቡ። ሦስቱ እንደገቡ በመኪናው ውስጥ ያለውን ፊት ሁሉ አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ፣ ከዚያ እትዬ ሶልያና ሁሉንም እየዞሩ ሳሙ። አሳሳማቸው ረዘም ያለ ነበር። ከተቀመጡ በኋላ ነጠላቸውን አንዴ ያዘቀዝቁታል፣ አንዴ ይመልሱታል። ልጆቻቸው አንገታቸውን ደፍተው እጅ ለእጅ ተያያዙ።

«ብርዱ ሸኖ ላይ እንዴት ይሆን?» አሉ ጋሽ ባሮክ።

«ግንቦት አይደል፣ ይሞቃል» አለ ድንበሩ።

«ይሞቃል፣ ይሞቃል» አሉ እትዬ ሶልያና፤ ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ተሰበረ። በጉንፋን አሳበቡት።

ይርገዱ ምንም ያላወቀች ለመምሰል ወሰነች። ዘመዶቿ ለእሷና ለወንድሟ ሲሉ ይህን ያህል ተሸክመው ስለ አየር ሁኔታ ያወራሉ፤ ወጉን ማበላሸት አልፈለገችም። መርዶ የሚነገረው ሰውም የራሱ ድርሻ አለበት። እስኪነገረው ድረስ አለማወቅ አለበት። ስለዚህ ፈገግ አለችና የአክስቷን ልጅ ስለ ትምህርቷ ጠየቀቻት። ልጅቷ ትምህርት ከጨረሰች ቆይታለች፤ ግን «ጥሩ ነው» ብላ መለሰች።

ሰንዳፋ ላይ የማያውቁት ሰው ገባ። ሰፋ ያለ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ ከባድ የብረት ሣጥን ይዟል። የገባው «እንደምን አደራችሁ!» ብሎ በሙሉ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ ሰዎቹን አየ፣ የእትዬ ሶልያናን ነጠላ አየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጥናችሁ» ሊል አፉን ከፍቶ ተወውና ባዶ የቀረችው የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰባቱም ወንበር ሞላ።

የእድሩ ሰው ነው፣ አለች ይርገዱ በልቧ። መርዶውን የሚያረዳን እሱ ነው። ሰውየው ሣጥኑን በእግሩ መካከል አስቀምጦ አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቆይቶ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ። እትዬ ሶልያና ይህን ሲያዩ ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸውና በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። ልጆቻቸው ተከተሉ። ጋሽ ባሮክ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ድንበሩ የእህቱን እጅ ፈልጎ ያዘ፤ ልጅ ሆነው መንገድ ሲያቋርጡ እንደሚይዛት ነው የያዛት።

መኪናው ሰፊውን መንገድ ለቆ በጥርጊያው መንገድ ሽቅብ ወጣ። የጋሽ ናሆም የቆርቆሮ አጥር ታየ። ድንኳን አልነበረም። ገና አልደረሰም ይሆናል፣ አለች ይርገዱ።

መኪናው ቆመ። በሩ ተከፈተ። እያለቀሱ፣ አንዱ አንዱን እየደገፈ ወረዱ።

ጋሽ ናሆም ጎመናቸው መካከል ቆመው ውሃ ያጠጡ ነበር።

መጀመሪያ ያዩት የእህታቸውን ነጠላ ነው፤ ተዘቅዝቋል። ቀጥሎ የወንድማቸውን ፊት አዩ። የውሃ ማጠጫው ከእጃቸው ወደቀ። በዚህ ማለዳ፣ ይህን ያህል ዘመድ በአንድ መኪና፣ ያውም እያለቀሰ፤ እሳቸውም ያገሩ ሰው ናቸው፣ የመርዶ ስምሪትን ያውቃሉ።

«ማነው?» አሉ። «ማነው? ንገሩኝ!» ጥርስ በሌለው አፋቸው ቃሉ እየተንሸራተተ፣ በጣታቸው እየጠቆሙ መቁጠር ጀመሩ። «ይርጌ አለች። ድንበሩ አለ። ባሮክ። ሶሊ ከነልጆቿ። ታዲያ ማነው የቀረው? የልጅ ልጆቼ ናቸው? ንገሩኝ እንጂ እናንተ ሰዎች!»

ይርገዱ ሮጣ ጎመኑን ረግጣ ደረሰችባቸው። ፊታቸውን በሁለት እጇ ያዘችው። ይሞቃል። ጢማቸው ይወጋል።

«አንተ ነበርክ እኮ አባዬ» አለች።

«እኔ ምን?»

«የሞትከው።»

«እኔ?» አሉ ጋሽ ናሆም። ትንሽ አሰቡ። «መቼ?»

ያኔ ይርገዱ ሳቋ መጣ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ባይለይም፣ ከሆዷ ነበር የወጣው። ድንበሩ የአባቱን እጅ ይዞ እጃቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እትዬ ሶልያና ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈው ጣሉት። ጋሽ ባሮክ ታላቅ ወንድማቸውን በትከሻ ገፏቸው፣ እንደገና ገፏቸው፣ ከዚያ አቀፏቸው።

«ማን ነገራችሁ?» አሉ ጋሽ ናሆም ከእቅፉ መካከል።

«ማንም አልነገረን» አሉ ጋሽ ባሮክ። «እኔ ልጆችህ ሰምተው የሚደብቁኝ መስሎኝ…»

«እኔ እኮ እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ ነው!» አለ ድንበሩ። «እኔንማ ቁርስ በልተሻል ወይ ብለውኛል!» አለች ይርገዱ።

«እኔ ራሴ ስላልበላሁ ነዋ! ርቦኝ ነበር፣ ምናልባት የያዝሽው ነገር ካለ ብዬ» አሉ ጋሽ ባሮክ።

እትዬ ኤልዳና ጩኸቱን ሰምተው ከጎረቤት እየሮጡ መጡ፤ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጭቃ ነው። «ደህና ነው ብያት ነበር እኮ!» አሉ።

«እሱ ነው እኮ የገደለኝ እትዬ» አለች ይርገዱ።

ሁሉም ከሳቀ በኋላ አንድ ሰው ያልሳቀ እንዳለ ታወቀ። የብረት ሣጥን የያዘው ሰው አጥሩ ጥግ ቆሞ መሐረቡን ያጣጥፋል። ሁሉም ዞረው አዩት።

«የእድሩ ሰው ነህ?» አለ ድንበሩ።

«አይ» አለ ሰውየው። አፈረ። «አሰግደው እባላለሁ። የውሃ ፓምፕ ልጠግን ነው የመጣሁት። እዚህ እትዬ ኤልዳና የሚባሉ ሰው… ፓምፓቸው ጭቃ ይተፋል ተብዬ።»

«ታዲያ ምን አስለቀሰህ?» አሉ እትዬ ሶልያና።

«እንዴ፣ ለቅሶ ላይ የደረስኩ መስሎኝ ነዋ! ሰው ሁሉ አዝኖ እኔ ብቻዬን ዝም ልበል? የራሴንም ሰው አስታወሳችሁኝ።»

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አሰግደውን ያየ ያምነዋል። እትዬ ሶልያና ሄደው እንደ ልጃቸው ሳሙት።

ነገሩን የፈታው ግን እሱ ነው። ስልኩን አውጥቶ የስምሪትን መልእክት አነበበላቸው፦ «የሸኖ ጥያቄዎች መኪና ሞልተዋል። መኪናው ዛሬ ይነሣል።» እሱ የጠየቀው ትናንት ነበር። ሌሎቹም ከማያነቡት የመልእክት ክምር ሥር ፈልገው ያንኑ አገኙት። ያን ጊዜ ነው እርስ በርስ የተያዩት። ድንበሩ ከኅዳር ጀምሮ ጠይቆ ኖሯል። ጋሽ ባሮክ ከገና በፊት። እትዬ ሶልያናና ልጆቻቸው ሁለት ጊዜ ጠይቀው ሁለት ጊዜ ይጠብቁ ተብለዋል። እያንዳንዱ ሌሎቹ ጋሽ ናሆምን ረስተዋቸዋል እያለ ሲያማ ከርሟል። ስምሪት ግን ጥያቄ አልጣለም፤ አንድ በአንድ ያስቀምጥ ነበር። ሰባተኛው ወንበር እስኪሞላ።

ጋሽ ናሆም ይህን ሲሰሙ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉና የወደቀውን የውሃ ማጠጫ አነሡ፤ ምን እንደሚያደርጉበት ግራ ገብቷቸው መልሰው አስቀመጡት።

«ሁላችሁም ጠይቃችሁ ነበር?» አሉ።

«ሁላችንም» አለች ይርገዱ።

«እኔ እኮ…» ብለው ተዉት። «በእኛ ጊዜ ቢሆን አንድ ወያላ ይጮህና ይሞላ ነበር። ዝም ብሎ የሚጠብቅ መኪና! ምን ዓይነት ሥራ ነው ይኼ!» ተቆጥተው ነው የተናገሩት፤ ዓይናቸው ግን ሞልቶ ነበር፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም።

ይርገዱ ሳጥኑን ከፈተች። ሞረደች፣ አስገባች፣ አወጣች፣ እንደገና ሞረደች። ጋሽ ናሆም አፋቸውን ከፍተው እንደ ልጅ ታዘዙ። በመጨረሻ አፋቸውን ገጠም፣ ከፈት አድርገው «ቆሎ» አሉ። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ። እትዬ ኤልዳና ከቤታቸው ሰፌድ ሙሉ ይዘው መጡ፤ የገብሱ ቆሎ አፋቸው ውስጥ ሲሰበር እስከ አጥሩ ድረስ ተሰማ። ይርገዱ ድምፁን ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። ለስንት ሰው ጥርስ ሠርታ እንዲህ ቁጭ ብላ ሰምታ አታውቅም።

አሰግደው ፓምፑ የሦስት ቀን ሥራ ነው ብሎ እትዬ ኤልዳና ጓሮ ገባ። በረንዳው ላይ ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሆለታ ያለው ሥራ፣ የሌሎቹም ሥራ ሁሉ ለዛሬ ቀርቷል፤ መቅረቱን ስምሪት ያሳውቃል። መኪናው ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ አልሄደም። ስድስት ሰው ነው የሚመለሰው፣ ወንበሩ ሰባት ነው። ፈላጊ ባነሰው መስመር ላይ መኪና ባዶ ወንበር ይዞ አይነሣም። በየጊዜው በለሰለሰ ድምፅ «አንድ ሰው ይቀራል» ይላል።

«ስሙት» አሉ ጋሽ ናሆም እየሳቁ። «ጩኸት አይችልም እንጂ የኔን ሥራ ነው የቀማው።»

ከሰዓት በኋላ እትዬ ኤልዳና እጃቸውን ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ቦርሳ አንጠልጥለው ብቅ አሉ። አያት ሰፈር የምትኖር ልጅ አለቻቸው፤ እሷን ለማየት የጠየቁት እሳቸውም ከስንት ወር በፊት ነው። መኪናው ሲያያቸው በሩን ራሱ ከፈተላቸው።

«አንድ ሰው ይቀራል» አለ።

«ሞልቷል!» አሉ ጋሽ ናሆም።

ከበረንዳው ነው የጮኹት፤ በአዲሱ ጥርሳቸው፣ ድሮ አደባባይ ያቋርጥ በነበረው ድምፃቸው። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ሰው ሲለምኑ የኖሩ ሰው፣ አንድ ሰው ሲመልሱ ይኼ የመጀመሪያቸው ነው።

እትዬ ኤልዳና እግራቸውን መወጣጫው ላይ እንዳደረጉ ባዶዎቹን ሰባት ወንበሮች አዩ። ከዚያ ዘወር ብለው በረንዳውን አዩ። ይርገዱ ከአባቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣለች፤ ጋሽ ባሮክ አፋቸው ቆሎ ሞልቶ አንድ ነገር ሊያወሩ ይታገላሉ።

እትዬ ኤልዳና እግራቸውን መለሱና ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ከሞላማ ምን ይደረጋል» አሉ። «ልጄ እስካሁን ቆይታለች፣ እስከ ማታ ብትቆይ አትሞትም። ሲበቃችሁ ጥሩኝ፤ እኔ ሳልገባ የትም አይሄድ።»

ድንበሩ ተነሥቶ ድንጋዩን ለቀቀላቸው። መኪናው በሩን ከፍቶ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዘጋው።